እትዬ ላቀችና ሰባተኛው ደንቤ

እትዬ ላቀች ማረፋቸውን የሰማሁት ጎንደር ፒያሳ ፀጉሬን ስስተካከል ነው። ከደባርቅ መስመር የወረደ አንድ የእህል ነጋዴ ተራውን እየጠበቀ ለጎኑ ሰው ያወራል። «ያች ከኮሶዬ ወዲያ የነበረችው ፋሻ አጣቢ እኮ ሞተች። ለቀብሯ አገሬው እንዳለ ነው የወጣው። እኔማ ደጃዝማች የሞተ መስሎኝ መንገድ ለቅቄ ቆምሁ» ይላል። ግማሽ ራሴ ተከርክሞ ግማሹ እንደ ጎፈረ ከወንበሩ ተነሣሁ።

ፀጉር አስተካካዩ ደንግጦ፣ «ምነው? ዘመድዎ ነበሩ?» አለኝ።

«አለቃዬ ነበሩ» አልሁት።

ነጋዴው ከላይ እስከ ታች አየኝ። «ሴትዮዋ እኮ ፋሻ አጣቢ ነበሩ።»

«አዎ። እኔ ደግሞ የጤና ጣቢያው ኃላፊ ነበርሁ።»

ሁለቱ ተያዩ። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን ቀስ ብሎ እጄ ከማይደርስበት ቦታ አስቀመጠው። አልፈረድሁበትም። ያን ቀን ለእነሱ ማስረዳት ያልቻልሁትን እነሆ አሁን እጽፈዋለሁ።

ያኔ ጣሊያን ከወጣ አሥራ አምስት ዓመት ግድም ሆኖት ነበር። እኔ የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ነበርሁ። የጤና ትምህርቴን እንደ ጨረስሁ ደጋው ላይ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ የጤና ጣቢያ ኃላፊ ሆኜ ተላክሁ። የከተማዋን ስም አልጠራም፤ ለእሷ አስቤ ሳይሆን ለራሴ ነው፤ የሚያስታውሱኝ ሰዎች ገና በሕይወት አሉ። በሥሬ አምስት ሠራተኞች ነበሩ። እኔ ግን አምስት ሺህ ጦር የተሰጠኝ ያህል ነበር የተሰማኝ። ከጎንደር ስነሣ ባርኔጣና ፊሽካ ገዛሁ። ፊሽካው ለምን እንዳስፈለገኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። የቢሮዬ ወንበር ዝቅ ብሎ ስለታየኝ ከሥሩ የመድኃኒት ሣጥን አስደረግሁበት፤ የሚያነጋግረኝ ሁሉ ቀና ብሎ እንዲያየኝ። አንድ ቀን ከነወንበሬ ተገልብጬ ወድቄአለሁ። ማንም አልሳቀም፤ መሳቅ በደንቡ ክልክል ነበራ! ጠዋት ጠዋት ጢሜን ስላጭ በመስተዋቱ የቁጣ ፊት እለማመዳለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ የሚላጭ ጢም እንኳ ገና በቅጡ አልነበረኝም።

ደንቡን በሩ ላይ ለጠፍሁት። አሥራ ሁለት አንቀጽ ነበረው። ሦስተኛው በሥራ ሰዓት መሳቅን ይከለክላል። አምስተኛው ኃላፊው ሲገባ ሁሉም እንዲነሣ ያዛል። ሰባተኛው ደግሞ፣ «ከምሳ በኋላ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ኃላፊውን በማናቸውም ምክንያት መቀስቀስ በጥብቅ የተከለከለ ነው» ይላል። «በማናቸውም ምክንያት» የሚለውን በቀይ ቀለም አሰመርሁበት። ሰዉ «ዶክተር» ይለኛል። ዶክተር አልነበርሁም፤ ግን አንድም ቀን አላረምሁም።

እትዬ ላቀችን መጀመሪያ ያየኋቸው በገባሁ በሁለተኛው ቀን፣ ጓሮውን ስጎበኝ ነው። ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጠን ረዘም ያሉ፣ ግራ ትከሻቸው ዘንበል ያለ ሴት ናቸው። ሳፋ ላይ ጎንበስ ብለው ደም የነካው ፋሻ ያሻሉ። ሲያዩኝ አልተነሡም። ዘልዬ ደርሼ አምባረቅሁባቸው።

«አንቺ! ደንቡን አላነበብሽም?»

«ማንበብ አልችልም፣ ልጄ።»

«ኃላፊ ሲመጣ ይነሣል!»

እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠራረጉና ተነሡ። ሲቆሙ ከእኔ አንድ ስንዝር ይረዝማሉ። ቢቀመጡ ይሻለኝ ነበር። ዐይን ዐይኔን እያዩ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ምነው፣ ምን ሆነሃል?» አሉኝ።

«እኔ? እኔ ምንም አልሆንሁም!»

«እንዲህ የሚጮኸው የታመመ ሰው ነው ብዬ ነው። እግዜር ይማርህ» አሉና ተመልሰው ወደ ሳፋቸው ጎንበስ አሉ።

ሐኪሙ እኔ፣ ምሕረት የሚለመንልኝም እኔ! እንፋሎት እየወጣኝ ቢሮዬ ገባሁና የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፍሁላቸው። ማንበብ እንደማይችሉ ትዝ ያለኝ ማኅተሙን ከመታሁ በኋላ ነው።

ማን እንደ ሆኑ ያወቅሁት ከወር በኋላ ነው። በአንድ የገበያ ቀን በበቅሎ የተቀመጡ ሽማግሌ ባላባት፣ ጠመንጃ ያነገቱ ሰዎች አስከትለው ወደ ግቢያችን ገቡ። ዝናዬ እሳቸው ድረስ ደረሰ ማለት ነው ብዬ ባርኔጣዬን ደፋሁና እጅ ልነሣ ወጣሁ። ገና ጎንበስ እንዳልሁ ባላባቱ በአጠገቤ አልፈው ቀጥ ብለው ወደ ጓሮ ሄዱ። ተከተልሁ። እትዬ ላቀች ዘንድ ሲደርሱ ጉልበታቸውን ሊስሙ አጎነበሱ፤ እትዬ ላቀችም አረፋ በለበሰ እጃቸው የባላባቱን ትከሻ ይዘው አነሧቸው። ተከታዮቹም ተራ በተራ ቀርበው ሳሟቸው። እኔ ባርኔጣዬን ይዤ እንደ ችካል ቆምሁ።

የግቢውን ዘበኛ አያ ብሩን ጠራሁና፣ «ሴትዮዋ ምናቸው ናት?» አልሁት።

«አለቃቸው ነበረች፣ ጌታዬ። በጣሊያን ጊዜ ባሏ ሲሞት ጠመንጃውን አንሥታ ጦሩን የመራች እሷ ናት። ያ ሁሉ ሰው በሷ እጅ ነበር። ትከሻዋም ጥይት ያገኘው ነው።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግረኝ?»

አያ ብሩ በሩ ላይ ወደ ተለጠፈው ወረቀት በጥንቃቄ ተመለከተ። «ካልተጠየቁ መናገር ክልክል ነው ተብለናል። ዘጠነኛው ነው መሰለኝ።»

እስካሁን ያወራሁት ለሳቅ ይሆናል። የሚቀጥለው ግን አያስቅም።

ታደሰ የሚባል ድሬሰር፣ ማለት ቁስል የሚያሽግ፣ መርፌ የሚወጋ ሠራተኛ፣ ነበረን። ዝምተኛ፣ እጁ እንደ ሐር የለሰለሰ፣ መርፌ ሲወጋ ሕፃን እንኳ የማያለቅስበት ልጅ ነው። አንድ ማክሰኞ ከምሳ በኋላ፣ እግሯ ያመረቀዘ አንዲት እመጫት ሕፃኗን አዝላ ከሩቅ ቀበሌ መጣች። ታደሰም ላመረቀዘ ቁስል ሁሉ እኔ ባዘዝሁት መሠረት ፔኒሲሊን ወጋት። ጥቂት ሳይቆይ ፊቷ አበጠ፣ ትንፋሿ አጠረ፣ ወደቀች። የዚህ ማርከሻ መድኃኒት ቢሮዬ ካለው ቁም ሣጥን ተቆልፎበታል፤ ቁልፉ ደግሞ ኪሴ ውስጥ ነው። ይህም የደንቡ አካል ነበር። ታደሰ ከግቢው ጀርባ ወዳለው ቤቴ ሮጠ። በሩ ላይ ደርሶ ለማንኳኳት እጁን አነሣ። እንዳነሣም ቀረ። ባለፈው ወር አንድ ጊዜ ቀስቅሶኝ፣ በሕመምተኞች ፊት እስከ ማታ ፀሐይ ላይ አቁሜው ነበርና።

ይህን ሁሉ የሰማሁት በኋላ ነው። እኔ የማውቀው በሩ ከነማጠፊያው ተገንጥሎ ሲወድቅ ነው። እትዬ ላቀች በእግራቸው መትተውት ደፉ ላይ ቆመዋል።

«ተነሥ! ሴት እየሞተች ነው!»

በአንድ እግር ጫማ፣ ሱሪ ሳልለብስ ቁልፉን ይዤ ሮጥሁ። ሴትዮዋ ከንፈሯ ጠቁሯል። ሕፃኑ አያ ብሩ ክንድ ላይ ይጮኻል። መድኃኒቱን ወጋኋትና ጠበቅሁ። ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም እንደዚያ ጠብቄ አላውቅም። ደረቷ ሲነሣ፣ ጥቁረቱ ቀስ በቀስ ሲለቅቅ፣ ዐይኗን ገልጣ «ልጄስ?» ስትል መሬት ላይ ተቀመጥሁ።

አንድ ሰው እንዲህ ካለ ጉድ ሲተርፍ ፈጣሪውን ያመሰግናል። እኔ ግን ተነሥቼ ሠራተኛውን ሰበሰብሁ። ታደሰን መሐል አቁሜ «ገዳይ!» አልሁት። ለፖሊስ እንደማሳልፈው፣ ዳግመኛ መርፌ እንደማይጨብጥ ጮኽሁ። ታደሰ መሬት መሬት እያየ ቆመ። ያን ጊዜ እትዬ ላቀች ከኋላ ሆነው፣ «ዶክተር፣ ና ፋሻ እንጠብ» አሉ።

«እኔ?»

«አዎ፣ አንተ። ዛሬ ብዙ አለ።»

ለምን እንደ ታዘዝሁ እርግጠኛ አይደለሁም። ምናልባት በአንድ ጫማና ያለ ሱሪ ቆሞ ማስፈራራት የትም እንደማያደርስ ገብቶኝ ይሆናል። ጋቢ አለበሱኝና ከግቢው በታች ወዳለው ጅረት ወሰዱኝ። ሳሙና ሰጡኝ። ደሙን በቀዝቃዛ ውኃ እንጂ በሙቅ እንደማያስለቅቁት ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። አራት ዓመት ተምሬ አልነገሩኝም።

«እኔም ደንብ ነበረኝ፤ አልተጻፈም እንጂ» ብለው ጀመሩ እትዬ ላቀች። «ክፉ ወሬ የሚያመጣ ሰው አልወድም ነበር። አንዱ ጥይት እያለቀ ነው ቢለኝ፣ ሰው ታስፈራለህ ብዬ በሰው ፊት አስገረፍሁት። ከዚያ ወዲያ የሚነገረኝ ሁሉ ሸጋ ሸጋው ሆነ። ጎበዝ አለቃ የሆንሁ መሰለኝ። አንድ ጠዋት ጠላት በጀርባችን ሲወጣ ያዩ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ‹አንተ ንገራት፣ የለም አንተ ንገራት› ሲባባሉ ጥይቱ ቀድሟቸው ነገረኝ። አሥራ አንድ ሰው። ስድስቱ እዚያው ቀሩ። አምስቱ ግን ቁስላቸው አመርቅዞ፣ ንጹሕ ጨርቅ አጥቼላቸው፣ እጄ ላይ።»

እጃቸው ፋሻውን ማሸት አላቆመም። ማንም ሳይለምናቸው፣ መሬትና ከብት እያላቸው ለምን የእኛን ፋሻ እንደሚያጥቡ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

«ጣሊያን ወጣ። እኔ ግን ጦርነቱን ይዤው ቤቴ ገባሁ» አሉ። «በእህቴ ላይ እጮኻለሁ፣ በአራሹ እጮኻለሁ፣ በከብቱ እጮኻለሁ። ጥፋተኛዋ እኔ እንዳልሆን በየቀኑ ሌላ ጥፋተኛ መፈለግ ነበረብኝ። ሰው ሁሉ ሲሸሸኝ የነፍስ አባቴ ጠበል ወሰዱኝ። ስድስት ወር ተቀመጥሁ። እዚያ አንዲት መነኵሲት ነበሩ። በየቀኑ ‹ዛሬ ማንን አስታወስሽ?› ይሉኛል። አንድ ቀን አንዱን እነግራቸዋለሁ፣ ሌላ ቀን ሌላውን። አሥራ አንዱንም በየስማቸው ጠርቼ አልቅሼ ስጨርስ ጩኸቱ ለቀቀኝ። ሰው ጠበሉ ነው ያዳናት ይላል። ጠበሉም ነው፤ መጠየቁም ነው።»

ቀና ብለው አዩኝ። «አንተስ? ማን ጮኾብህ ነው?»

«ማንም አልጮኸብኝም» አልሁ።

እውነቴን ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ታናሽ ወንድሜ ደምሴ በትኩሳት ተያዘ። እናቴ ቄሱን ጠበል ይዘው እንዲመጡ ጥራልኝ ብላ ላከችኝ። በመንገድ ላይ ልጆች የገና ጨዋታ ሲጫወቱ አገኘሁ። አንድ ዙር ብቻ ብዬ ገባሁ። ከቄሱ ጋር ቤት ስደርስ ደምሴ ተገንዞ ነበር። ማንም አልተቆጣኝም፣ ማንም አልገረፈኝም። እናቴ ምሳዬን ሰጠችኝ። ስለዚያ ቀን በቤታችን አንድ ቃል ተነሥቶ አያውቅም። እኔ ግን ለአፍታ የዘነጋሁ እንደ ሆነ ሰው ይሞታል ብዬ አደግሁ፤ ከዚያም ሌላው ሰው ሁሉ እንዳይዘነጋ በፊሽካ ልጠብቀው ተነሣሁ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። ለእትዬ ላቀች ፋሻ እየጠመዘዝሁ ነገርኋቸው። ዐይኔ ሲያስቸግረኝ፣ «በረኪናው ነው» አልሁ።

«በረኪና ክፉ ነው» አሉ። ሳፋው ውስጥ በረኪና የሚባል ነገር አልነበረም።

ልንመለስ ስንል፣ «ታደሰ አንተን ፈርቶ በር ላይ ቆመ። አንተም የዚያን ልጅ ሞት ፈርተህ ትጮኻለህ። ሁለታችሁም ፈሪ ናችሁ። ልትሞት የነበረችው ግን ሴትዮዋ ናት» አሉኝ። ምክር አልጨመሩበትም።

በማግሥቱ ጠዋት ሠራተኛውን ሰበሰብሁ። ይቅርታ መጠየቂያዬን እንደ ቁጣ ፊቴ በመስተዋት ተለማምጄው ነበር። አፌን ስከፍት ግን የወጣው፣ «ትናንት ስለ ተፈጠረው ሁኔታ ይቅርታ እንዲደረግ ታዟል!» የሚል ሆነ።

«ማን ነው ያዘዘው፣ ጌታዬ?» አለ አያ ብሩ በየዋህነት።

እትዬ ላቀች የያዙትን ባልዲ መሬት ላይ ዷ አድርገው አስቀመጡት። እንደገና ጀመርሁ። «ታደሰ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። በሬን እንዳታንኳኳ ያስፈራራሁህ እኔ ነኝ።»

ታደሰ እጁን አየ። «እጄን አንሥቼው ነበር» አለ፤ «እንቢ አለኝ።» ከዚያ ፊቱን አዞረ። እኔም ሌላ የማደርገው ስላጣሁ ሄጄ ደንቡን ከበሩ ላይ ገነጠልሁት። ሙጫው ግን ጠንክሮ ኖሮ ግማሹ አልነሣ አለ። ለብዙ ወራት በራችን ላይ «ክልክል ነው» የሚል ቁራጭ ብቻ ቀረ፤ ምኑ እንደ ተከለከለ የማይናገር። ሕመምተኛ ሁሉ እያየው በሩ ላይ ቆሞ ያመነታ ነበር።

በአንድ ቀን ዳንሁ ብል ውሸት ነው። በሳምንቱ መልሼ ጮኽሁ። እትዬ ላቀች ግን ጓሮ ሆነው «ዛሬ ማንን አስታወስህ?» ሲሉ እሄድና ሳፋው ዘንድ እቀመጣለሁ። አንዳንድ ቀን የምናወራው አለ፣ አንዳንድ ቀን የለም። ሠራተኛውም ግንባሬ ሲቋጠር ካየ፣ «ዶክተር፣ የሚታጠብ ፋሻ አለ እኮ» ማለት ለመደ። በዓመቱ መጨረሻ በጤና ጣቢያው ታሪክ ፋሻ በማጠብ የሚስተካከለኝ ኃላፊ አልነበረም።

በሁለተኛው ዓመት፣ በአንድ ጠዋት ታደሰ እየሮጠ ቢሮዬ ገባ። በሩን አላንኳኳም። «ጌታዬ፣ ስሕተት ሠርቻለሁ። ከሦስት ቀን በፊት ከላይኛው መንደር የመጡ ሁለት ሰዎችን ወባ ነው ብዬ መልሻቸዋለሁ። አሁን ሳስበው ተስቦ ነው የሚመስለኝ» አለኝ።

የአንገቴ ሥር ሲገታተር ታወቀኝ። ጠረጴዛውን በሁለት እጄ ያዝሁ። «ስለ ነገርኸኝ እግዜር ይስጥህ» አልሁት። ድምፄ እንደሚታረድ ፍየል ነበር፤ ግን አልሁት። ወዲያው በቅሎ አስጭነን፣ ተስቦ የሚያስተላልፈውን ቅማል የሚገድል የዲዲቲ ዱቄት ይዘን ወጣን። በሽታው ወደ አራት ቤት ገብቶ ነበር። ልብሱን ቀቀልን፣ ፀጉሩን ላጨን፣ ቤት ለቤት ዱቄቱን ነፋን። ሦስት ሰው ሞተብን፤ የቀረው መንደር ተረፈ። ሽማግሌዎች ሊያመሰግኑ ሲመጡ፣ እንደ ልማዴ ምስጋናውን ሙሉ ለሙሉ ከተቀበልሁ በኋላ፣ እትዬ ላቀች ሲያዩኝ ደንግጬ ታደሰን ወደ ፊት ገፋሁት።

ከዚያ ወደ ጎንደር ተዛወርሁ፤ ሹመትም ተጨመረልኝ። በየዓመቱ ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ እያልሁ ሁለት ጊዜ ብቻ ሄድሁ። ሥራ ይበዛብኝ ነበር፤ ሥራ የበዛበት ሰው መምሰልም ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ለአርባቸው ተዝካር ግን ወጣሁ። በኪሴ አራት ገጽ ንግግር ይዣለሁ። እትዬ ላቀች ስለ እኔ ምን እንዳሉ፣ እኔን እንዴት እንደ ለወጡኝ፣ ከእሳቸው ምን እንደ ተማርሁ፤ ብቻ «እኔ» የማይገባበት መስመር አልነበረውም። ዳሱ ሞልቷል። ታደሰ የጤና ጣቢያው ኃላፊ ሆኗል፤ ጎኑ አስቀመጠኝ። አንድ ጠና ያለ ገበሬ ጠላ እየቀዳ፣ ሰው እያስቀመጠ፣ ቄሶቹን እያስተናገደ ላይ ታች ይላል። እትዬ ላቀች ልጅ እንዳልነበራቸው ስለማውቅ፣ «ተዝካሩን ያወጣው ማን ነው? ወንድማቸው ነው?» ብዬ ታደሰን ጠየቅሁት።

«አይደለም። ከሞቱባቸው ከአሥራ አንዱ ሰዎች የአንደኛው ወንድም ነው። አያ ጓዴ ይባላል።»

አያ ጓዴ ወደ እኛ ሲደርስ ስለ እሳቸው ጠየቅሁት። ማሰሮውን እንደ ያዘ ቆሞ ነገረኝ።

«ከጠበል ስትመለስ በባዶ እግሯ መጥታ ደጄ ቆመች። ይቅር በለኝ አለች። ወንድሜን ያስገደለች ሴት ከደጄ ትጥፋ ብዬ በሩን ዘጋሁባት። በዓመቱ በዚያው ቀን መጣች። ዘጋሁባት። ሰባት ዓመት አስመላለስኋት፣ ጌታው። በስምንተኛው ዓመት ወጣሁና፣ ‹ምን እንድልሽ ነው የምትመጪ?› አልኋት። ‹ምንም አትበለኝ። ስለ ወንድምህ ንገረኝ። ልጅ ሳለ እንዴት ያለ ነበር?› አለችኝ። ከሞተ ጀምሮ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ሁሉ እግዜር ያጥናህ ብሎ ነው የሚሄድ። ቀኑን ሙሉ ነገርኋት። እሷም ቀኑን ሙሉ ሰማችኝ።»

ቄሱ ንግግር የሚያደርግ ካለ ብለው ወደ እኔ ተመለከቱ። ታደሰም በክርኑ ነካ አደረገኝ። የለም ብዬ ራሴን ነቀነቅሁና ወረቀቴን ኪሴ ውስጥ እንደ ተጣጠፈ ተውሁት። ከዚያ ጠጋ ብዬ ለአያ ጓዴ በአጠገቤ ቦታ ለቀቅሁለት።

«እንዴት ያለ ነበር፣ ወንድምህ?» አልሁት።

አያ ጓዴ ማሰሮውን መሬት አስቀመጠና ተቀመጠ።